የደጋፊ ፍቅር ሲቀዘቅዝ... ምን ይሻላል?

ፍቅር ሲባል ሁላችንም ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ወንድና ሴት ነው። ዛሬ ግን እስቲ ማልያ ስለሚለብሰው ፍቅር እናውጋ። ድሮ ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ፣ ሊጉ ሊጀመር ሲል፣ “ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? የመጀመሪያው ጨዋታ ከማን ጋር ነው?” ሲባባል የሚውለው ደጋፊ ብዙ ነበር። አሁን አሁንስ? ቡኒና ቢጫ ማልያ ከላዩ የማይወርድ የነበረ አንድ የዲላ ጓደኛዬን “ለዘንድሮው ሊግ እንዴት ነው ዝግጅቱ?” ብለው፣ “የቱ ሊግ?” ብሎኝ እርፍ! ወይ ጉድ!

እኔ የአሪቻ ልጅ ነኝ። አሪቻ ይርጋጨፌ አጠገብ ናት፤ ስሟን ባሕር አሻግሮ ያስጠራላት ቡናዋ ነው። የቡና አገር ልጅ ኢትዮጵያ ቡናን ለመደገፍ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ስሙ ይበቃዋል። ክለቡ በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ ታላቅ ወንድሜ ሬዲዮኑን አቅፎ እንደ ሕፃን ልጅ ሲዘል አይቻለሁ።

እኔና ጋሼ በዕድሜ እንራራቃለን። ከኳስ በፊት “ደህና ዋልክ?” “ደህና” ከመባባል በቀር ወሬም አልነበረን። እኔ ዲላ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ይደውልልኛል። “አየኸው አይደል?” ይላል። አሰልጣኙን አንድ ላይ እናማለን። ከዚያ ቀስ እያለ የእናታችን ጤና ይነሣል፣ የቡናው ዋጋ ይነሣል፣ ከጎረቤት ጋር ያለው የድንበር ጭቅጭቅ ይነሣል። ኳሱ ሰበብ ነበር። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው እንደሚባለው፣ የኳሱ ስሜት ሲሳሳ ስልኩም ሳሳ። ባለፈው ዓመት የእናታችንን መታመም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ጉዳዩን ቁም ነገር ያደረገብኝ ይኼ ነው።

ለመሆኑ የደጋፊ ስሜት ለምን ይቀዘቅዛል? ብዙ ሰው “ሽንፈት ነው” ይላል። እኔ አይመስለኝም። ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የቡና ደጋፊ ያችን ዋንጫ ሳያይ ነው ስታዲየም ሲያደምቅ የኖረው።

እኔን የሚመስለኝ ርቀቱ ነው። ቀድሞ ቡና ከሐዋሳ ከተማና ከሲዳማ ቡና ጋር ለመጫወት ወደኛው አቅጣጫ ይመጣ ነበር። ከዲላ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ተሳፍረን፣ ስንጮህ ውለን፣ ድምፃችን ተዘግቶ ማታ ቤታችን ነን። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታው በየተራ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ሆነ፤ ተመልካችም ተገደበ። በተከታዮቹ ዓመታትም ክለቦች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰባስበው መጫወታቸው ቀጠለ። ስክሪኑ ቀረበልን፤ ሜዳው ግን ራቀን። በዚያው ዓመት 29 ጎል ያገባልን አጥቂም በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ለልጁ ደስ ብሎናል፤ ግን ቀረብን! በዚያው ስክሪን ላይ ደግሞ አርሴናልና ማንቸስተር ቁጭ ብለው ይጠብቁናል።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝ ቦል የሚሉት፣ ኳስ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ አላቸው። የቺካጎ ከተማ “ካብስ” የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1908 ዋንጫ ከበላ በኋላ ሌላ ዋንጫ ያየው በ2016 ነው። 108 ዓመት! አያት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ ሽንፈት እያወረሰ ደጋፊው ግን አልጠፋም። የኦክላንዱ “አትሌቲክስ” ደግሞ በዚያች ከተማ አራት ዋንጫ የበላ ቡድን ነው። ከተማዋን ለቆ እንደሚሄድ ሲታወቅ ደጋፊው ወንበሩን ባዶ አደረገው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 የመጨረሻው የስንብት ጨዋታ ሲደረግ ግን ከ46,000 በላይ ሰው ስታዲየሙን ሞላው። ያ ሁሉ ሰው ፍቅሩን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው!

ታዲያ ምን ይሻላል? ካየሁትና ከሞከርኩት ጥቂት ልበላችሁ።

አንደኛ፣ የቀዘቀዘባችሁ ምን እንደሆነ ለዩ። ቡድኑ ነው? ወይስ አብሯችሁ የሚያየው ሰው ጠፍቶ ነው? የቤት ኪራይና ሥራ ጉልበታችሁን ጨርሶትስ እንደሆነ? መድኃኒቱ ይለያያልና።

ሁለተኛ፣ ብቻችሁን በስልክ ውጤት ማየት ይቅርባችሁ። በወር አንድ ጨዋታ ይሁን፣ ግን ከሰው ጋር። ብቻውን የሚደግፍ ሰው ቶሎ ይሰለቻል።

ሦስተኛ፣ በእግር የምትደርሱበት ኳስ ይኑራችሁ። እዚሁ ዞናችን ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ቡድን ነው። የሰፈር ውድድርም አለ። ከመስመሩ ዳር ቆሞ ተጫዋች በስሟ መጥራት የሚሰጠውን ደስታ ቴሌቪዥን አይሰጥም።

አራተኛ፣ ጓደኛችሁ ወይም የትዳር ጓደኛችሁ ስሜቱ ከቀዘቀዘ “ከሃዲ!” ብላችሁ አትሳለቁበት። እሷም ማልያዋን ሳጥን ውስጥ ከከተተች አትነዝንዟት። “ነይ፣ አብረን እንይ” ማለት ይበልጣል።

አምስተኛውና ዋናው፣ በኳስ ሰበብ ያገኛችሁትን ሰው ኳሱ ሲቀዘቅዝ አትጣሉት። ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ደውሉለት።

ሊጉ ሲሟሟቅ እኛ ዘንድ ቀይ ቡና መልቀም ይጀመራል። ዘንድሮ ጨዋታ ባለበት አንድ ቅዳሜ አሪቻ እወጣለሁ ብያለሁ። ጠዋት ከጋሼ ጋር ቡና እንለቅማለን፤ ከሰዓት ሬዲዮኑን መሐላችን አስቀምጠን አሰልጣኙን እናማለን። ለጋሼ በስልክ ስነግረው ትንሽ ዝም አለና፣ “የሬዲዮኑን ባትሪ ግን አንተ ይዘህ ና” አለኝ።