ልብ ሲወጋ

ልቡን የተወጋ ሰው ደሙ ፈስሶ አልቆ የሚሞት ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገድለው መውጫ ያጣው ደም ነው። ልብ በቶሎ የማይለጠጥ ከረጢት ለብሷል፤ ከቁስሉ የሚፈሰው ደም እዚያ ውስጥ ሲታቆር ልብን ያፍነዋል። በድንገት ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር ያህል እንኳ ይበቃል፤ የአንገት ደም ሥር ይገተራል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። የሚገርመው ይኸው ከረጢት የደሙን ፍሰት ገትቶ ቁስለኛውን ሐኪም ቤት ለመድረስ የሚያበቃውም መሆኑ ነው። ስለዚህ የቁስለኛው ዕድል ከትልቅ መሣሪያ ይልቅ ከረጢቱን ፈጥኖ በሚከፍት እጅ ላይ ተንጠልጥሏል ብል አላጋነንኩም።

ማስረጃው አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዛዊው ሐኪም ስቲቨን ፓጄት የልብ ቀዶ ሕክምና ተፈጥሮ ካሰመረችለት ድንበር ደርሷል ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት በፍራንክፈርት ሉድቪግ ሬን በቢላ የተወጋን ወጣት ደረት ከፈተ፤ በቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቁስል አገኘ። በጣቱ ደፍኖ፣ ልብ ዘና ባለ ቁጥር መርፌውን እያሳለፈ በሦስት የሐር ስፌት ዘጋው። ወጣቱ ዳነ። የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ለሰው በተሳካ ሁኔታ የዋለው ከ57 ዓመት በኋላ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ የታቆረውን ደም በመርፌ መምጠጥ አይበቃም ወይ? ጊዜ ይገዛ ይሆናል፤ የረጋ ደም ግን በመርፌ አይወጣም፣ ቀዳዳውም እንዳለ ነው። እንግዲያው የተጎዳን ሁሉ ደረት እንክፈት ማለትም ስሕተት ነው፤ በመኪና አደጋ ተደቁሶ የሕይወት ምልክት ያጣ ሰው በዚህ የሚተርፈው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ዋናው ተጠቃሚ በስለት የተወጋውና ገና ትንፋሹ ያለው ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ ደምን ወደ ልብ ከሚመልሱት ትልልቅ ሥሮች፣ ከደም መልሶች፣ ይመጣል፤ እዚያ ጥድፊያ ራሱ ይገድላል። ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ደም በሞላበት ጉድጓድ ውስጥ በጭፍን የተሰነዘረ መቆንጠጫ ቀዳዳውን ቀዶ ያሰፋዋል። ሥሩን ሙሉ በሙሉ ማነቅም ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያቋርጣል። ደረት አካባቢ ደግሞ የተከፈተ ደም መልስ አየር ይስባል። ስለዚህ በጣት ወይም በጨርቅ ተጭኖ መቆየት፣ የፈሰሰው ደም እስኪተካ መታገሥ፣ ከዚያ ቁስሉ ያለበትን ጎን ብቻ ቆንጥጦ መስፋት ይሻላል። መፍጠን የሚያስፈልገው ደረቱን ለመክፈት ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ እርጋታ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ከሐኪም ቤት ውጭ ያለውን ሰው ይመለከታል፦ ደረት ላይ ተሰክቶ የቀረን ቢላ አትንቀሉ፤ ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። እንዳይነቃነቅ ደግፋችሁ ቁስለኛውን በቶሎ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሐኪም ቤት አድርሱ።