የኳስ ግጥሚያ ለሚመለከቱ እንግዶች የሚሰናዳ ማዕድ
በኒው ሀልፋ ከታየው

ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. የሱዳንና የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኖች ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በሱዳን ሜዳ በተጋጠሙ ጊዜ፣ በኒው ሀልፋ ከተማ በሰሊጥና በማሽላ ንግድ የሚተዳደሩ አንድ ሐበሻ ወዳጃችን አርባ ያህል ሰዎች በግቢያቸው ሰብስበው ግጥሚያውን በቴሌቪዥን አሳይተው ነበር። ከተጋባዦቹ እኩሌቶቹ የአገሩ ሰዎች፣ ይኸውም ኑብያውያንና ቤጃዎች ሲሆኑ፣ እኩሌቶቹ ከጎንደር፣ ከሑመራ፣ ከአሥመራና ከከረን ሄደው በዚያ የሚኖሩ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ነበሩ። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤትም ሁለት ሹማምንት ተገኝተዋል። ባለግብዣው ለእንግዶቻቸው ክብር የሚገባውን ሁሉ ለማድረግ አስበው ሁለት ሙክት በሰፈሩ ሥጋ ሻጭ አሳርደው፣ ጨዋታው ሲያበቃ እንዲቀርብ አዘው ነበር።

ሱዳን 5 ለ 3 አሸነፈች። ከሐበሾቹ ግማሾቹ በኀዘን ወደየቤታቸው ተበተኑ። የቀሩት ሥጋው ሲቀርብ እጃቸውን ሰብስበው ሽንኩርትና ዳቦ ሲቀምሱ አመሹ። ዕለቱ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው እንጂ ጾም አልነበረም፤ ነገር ግን ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ የታወቀ ነው። ባለግብዣው ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሲሆን፣ በኳሱ አሳብ ተይዘው ዘነጉት። በዚያ ሙቀት አንድ በግ ሙሉ ሳይነካ አደረ፤ ሲነጋም ለውሻ እንኳ የሚሆን አልነበረም። ወዳጃችን ከገንዘቡ ይልቅ ያዘኑት ጎረቤቶቻቸው በአንድ ግቢ ገብተው በአንድ ማዕድ ሳይቀመጡ በመለያየታቸው ነበር።

የመልሱ ግጥሚያ በአዲስ አበባ የሚደረገው ከ36 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ስለ ነበረ፣ ለማሰብ ጊዜ ተገኘ። እኛም በምክሩ ስለ ነበርንበት ያየነውን ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን። ሹምም ቢሆን ነጋዴም ቢሆን፣ ልዩ ልዩ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ስብሰባ ማሰናዳቱ አይቀርምና።

አስቀድሞ ስለ ከተማው ጥቂት መናገር ይገባል። ኒው ሀልፋ ገና በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተመሠረተች ከተማ ናት። ግብጽና ሱዳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ስለ ዓባይ ውሃ በተዋዋሉት መሠረት የአስዋን ታላቅ ግድብ በተሠራ ጊዜ፣ የዋዲ ሀልፋ ከተማና የአካባቢዋ መንደሮች በውሃ ተዋጡ። 50,000 ያህል ኑብያውያንም ከ1956 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ንብረታቸውን ጭነው በባቡር ወደ ኸሽም ኤል ጊርባ ሜዳ ተወሰዱ። የሚያለማቸው ውሃ የአትባራ ነው፤ አትባራም ማለት ከጎንደር በኩል ወርዶ በመንገዱ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን የእኛን ተከዜ የሚቀበለው ወንዝ ነው። እነዚህ ሰዎች የተምር ዛፋቸውንና የዓባይን ዓሣ ትተው ነጎድጓድና ዝናብ ወዳለበት አገር ስለ መጡ፣ በአዲሱ ከተማ ስለ ምግብ ሲነሣ ዛሬም ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት እነዚህን ሁለቱን ነው። ባለግብዣ ይህን ማወቅ አለበት፤ በሳህን ዳር የተቀመጠ ጥቂት ተምር ለኑብያዊ ሽማግሌ ከበግ ጭን ይበልጣልና።

በምክሩ ጊዜ በመጀመሪያ የተነሣው አሳብ ሁለት በግ በሁለት አራጅ አሳርዶ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋና ሁለት ገበታ መለየት ነበር። በብዙ ሠርግ የሚደረገው ይኸው ነው፤ ለሠርግም ይስማማል። ለኳስ ግን አይበጅም። ሰዎቹ በሚደግፉት ቡድን አስቀድመው ተለያይተዋል፤ ገበታው ደግሞ በሃይማኖት ቢለያቸው፣ ባለግብዣው አንድ ግቢ ተከራይቶ ሁለት ማኅበር ሰበሰበ ማለት ነው። ወጪውም እጥፍ ነው። በዚያን ዓመት የሱዳን ገንዘብ ከደቡብ ሱዳን መገንጠል በኋላ ዋጋው ወድቆ፣ ሥጋና ነዳጅ እጅግ ተወድዶ ነበር።

ስለዚህ የእርድ ነገር ጨርሶ ቀረ። በቢላዋ የማይለያይ ምግብ የትኛው ነው ተብሎ ሲፈለግ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒና ዓሣ ተገኙ። ዓሣ አራጅ የለውም፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ይበሉታል። ዕለቱ እሑድ ቢሆንም የጽጌ ጾም ውስጥ የሚውል ስለ ነበር፣ በፈቃዳቸው የሚጾሙ ሰዎች እንዳይቸገሩ ዓሣው ለብቻው በሌላ ሳህን እንዲሆን፣ ከምስሩና ከፉሉም ቅቤና አይብ እንዲርቅ ተወሰነ። በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። በሱዳን ዐረብኛ አይብ ‹ጅብና› ይባላል፤ አይቡን ለብቻው እንዲያመጣ የተላከው የሐበሻ ልጅ ሦስት ጀበና ተሸክሞ መጣ።

ፉል በሱዳን የድኻም የሀብታምም ምግብ ነው። ባቄላው ከዋዜማው ጀምሮ ተዘፍዝፎ፣ በአፈ ጠባብ ድስት ሆኖ በልዝብ ከሰል እሳት ላይ ሌሊቱን ያድራል። በሚቀርብበት ጊዜ በጠርሙስ ቂጥ ይታሻል፤ የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል፤ ከሙን፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና የተፈረፈረ ጣዕሚያ ይጨመርበታል። ሚጥሚጣና ሸጣ ለብቻ በትንሽ ሳህን ይቀመጡ እንጂ ከውስጡ አይግቡ፤ የሐበሻ ምላስ የሚችለውን ሁሉ የሌላው አይችልምና። የሰሊጥ ዘይቱን ነገር ለነጋዴ አንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ገዳሪፍና ሑመራ ከሚታወቁበት ምርት ላይ መቆጠብ ግን ነውር ነው።

ስለ እንጀራው ክርክር ነበረ። ሐበሾቹ የማሽላ እንጀራ፣ ሱዳኖቹ ኪስራ ወደዱ። እህሉ አንድ ነው፤ ማሽላ። ልዩነቱ ኪስራ ሊጡ አንድ ሌሊት ቦክቶ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ መዘርጋቱ ነው፤ እንጀራው ግን ሁለት ሦስት ቀን ቦክቶ ወፍሮ ይጋገራል። ኪስራ ነፋስ ካገኘው ተሰባብሮ ገለባ ስለሚሆን በጨርቅ ተሸፍኖ ይቈይ። ሁለቱም ተጋግረው በአንድ ገበታ ላይ ተነባብረው ቀረቡ፤ ፍርዱም ለበላተኛው ተተወ። እኛ ለፉል ኪስራን፣ ለምስር ወጥ እንጀራን እንመርጣለን።

ልኩን በሚመለከት አንድ ጠቃሚ ነገር ተማርን። በአገራችንም በሱዳንም ሰው የሚበላው ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡ በሰው ራስ ሳይሆን በትሪ ቍጥር መሆን አለበት። በአንድ ትሪ ስምንት ሰው ቢቀመጥ ለአርባ ሰው አምስት ትሪ ይበቃል፤ ስድስተኛው ሳይጠራ ለሚመጣው ይሁን፤ በእነዚህ አገሮች ሳይጠራ የሚመጣ መኖሩ እርግጥ ነውና። ለዚህ ያህል ሰው 4 ኪሎ ደረቅ ባቄላ፣ 3 ኪሎ ምስር፣ 14 ኪሎ ያልተጠረገ ዓሣ፣ 5 ኪሎ ሽንኩርት፣ 2 ሊትር የሰሊጥ ዘይት፣ 120 ያህል የኪስራ ቅጠል በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ለሦስት ዙር ቡና 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል። ስኳር ቢያንስ ቢያንስ 4 ኪሎ፤ የስኳር ፋብሪካ በቆመባት ከተማ ስኳር አለቀ ማለት አይቻልም። ውሃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። እህሉ ቀደም ብሎ ይገዛ፤ አትክልትና ዓሣ ግን በዚያው ዕለት ጠዋት። ጎርፍ ደለል በሚያመጣበት በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዓሣ ላይ መተማመን አይገባም።

መጠጡ የታወቀ ነው። በሱዳን ከአውሮፓ 1983 ጀምሮ የአልኮል መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ኖሯል፤ በ2020 ሕጉ እስላም ላልሆኑት ቢላላም፣ በተደባለቀ ማኅበር ላይ ጠላም አረቄም ቦታ የላቸውም። ቀዝቃዛ የከርከዴ ውሃና ሻይ ይበቃል። በኳስ ቀን አለመስከር ሌላም ጥቅም እንዳለው መናገር ትርፍ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ግን የሰዓቱ መለወጥ ነው። ምግቡ ከግጥሚያው በፊት፣ ተሸናፊ ሳይታወቅ፣ ሁሉም ገና ተስፋ ሳለው ቀረበ። የዕረፍቱ 15 ደቂቃ ለመብላት አይበቃም፤ ለውሃና ለሶላት ይተው። ቡናው ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ይቈላል። የቡናው ሽታ ግቢውን ከሞላ በኋላ ተሸንፎ እንኳ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። ምሥራቅ ሱዳኖች ዝንጅብል ጨምረው በጀበና የሚያፈሉት ቡና ከእኛው የተለየ ስላልሆነ፣ በዚህ በኩል ክርክር አልተነሣም።

ሰዓትን ካነሣን፣ ዛሬ ግብዣ የሚጠራ ሰው ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በ2005 ዓ.ም. የካርቱምና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነበር። ሱዳን ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መለሰች፣ አዲስ አበባ ላይ በ10 ሰዓት የሚጀመር ግጥሚያ በኒው ሀልፋ 9 ሰዓት ነው፤ ያንኑ ሐበሻው 9 የሚለውን ሱዳናዊው 3 ይለዋል። በጥሪው ላይ ‹ከዐሥር ሶላት በፊት› ወይም ‹ከዐሥር ሶላት በኋላ› ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ይጠቅማል። በመጀመሪያው ግብዣ ሙሉውን የከፈሉት ነጋዴው ናቸው፤ ሁለቱ ሹማምንትም ተቀምጠው ሲበሉ ሐሳብ እንደ ያዛቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። የነጋዴ ሙክት የበላ ሹም በማግሥቱ የፈቃድ ወረቀት ሲቀርብለት ብዕሩ ይከብደዋል። በሁለተኛው ጊዜ ሁሉም እኩል አዋጣ፤ ሹማምንቱ ከሁሉ ቀድመው ከፍለው ስማቸውን በመዝገቡ ራስ ላይ አስጻፉ። ከዚያ ወዲያ ከልባቸው ሲጮኹ ሰማናቸው።

የዚያን ዕለት ኢትዮጵያ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ በሰው ሜዳ ባገባቻቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ሐበሾቹ ሲዘሉ ሱዳኖቹ ዝም አሉ፤ ቡናው ግን እሳት ላይ ነበረና ማንም አልሄደም። አንድ ኑብያዊ ሽማግሌ ሁለተኛውን ሲኒ ሲቀበሉ የጥንቱን አነሡ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካ በመሰረዟ ያለ ግጥሚያ ለፍጻሜ ደርሳ የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ ሱዳን ደግሞ በዚያው በካርቱም ዋንጫውን የወሰደችው ጋናን 1 ለ 0 ረትታ የካቲት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ቀኑ አንድ መሆኑን ልብ ያሉት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ከአሥመራ የመጣው መካኒክም በተራው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 ያሸነፈው ቡድን አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ መሆኑን አስታወሰ። እንዲህ ሲጫወቱ ወባ አምጪው ትንኝ እስኪያባርራቸው ድረስ አመሹ። በመስኖ አገር በጥቅምት ወር ውጭ የሚቀመጥ ሁሉ ለጢስ የሚሆን ነገር ማሰናዳት እንዳለበት እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።

ሱዳን ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ላይ ወደቀች። ብሔራዊ ቡድኗ የቤት ግጥሚያዎቹን በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ጋናን 2 ለ 0 ያሸነፈው በሊቢያ ከተማ በቤንጋዚ ነው፤ በኅዳርም ለአፍሪካ ዋንጫ ማለፉ ተረጋገጠ። በእነዚያው ሳምንታት ከምሥራቅ ገዚራ መንደሮች የተሰደዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ኒው ሀልፋ ገብተው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድግስ ነውር አይደለምን የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ነውሩ በመደገሱ ሳይሆን በር ዘግቶ በመብላቱ ነው እንላለን። ባቄላና ምስር ከሥጋ የሚበልጡትም እዚህ ላይ ነው፤ በዋዜማው አራት ኪሎ ባቄላ የተጨመረበት ድስት አርባ ሰው የሚያበላ የነበረው ሰማንያ ያበላል፤ በግ ግን አይጨመርበትም። የመጀመሪያዎቹ ትሪዎች ኳሱ ሳይጀመር ተፈናቃዮች ወዳሉበት ይሂዱ፤ ምግቡ ከተረፈ በኋላ የሚላከው ትርፍራፊ ይባላልና።

የቀረው የዕቃው ነገር ነው። ትሪና ድስት ከጎረቤት መዋሱ ስለማይቀር፣ ከመወሰዱ በፊት የባለቤቱ ምልክት በእያንዳንዱ ቂጥ ላይ በቀለም ይደረግ። በዚያ በጥቅምቱ ግብዣ ይህ ስላልተደረገ አንድ የነሐስ ትሪ ባለቤት ጠፍቶለት ሦስት ቀን ከቤት ቤት ዞረ። በመጨረሻ የራሳቸው መሆኑን ያወቁ ኑብያዊት እናት ትሪውን ተቀብለው ገቡ፤ በማግሥቱም ተምር ሞልተውበት ወደ ነጋዴው ቤት መልሰው ላኩት።