በቆላ አገር ለሚሠራ መኪና ትልልቅ ጎማ ስለ መግጠምና ከእርሱ ጋራ ስለሚያስፈልገው ሥራ

የራያ ቆቦ ቆላ በምዕራብ የላስታ ደጋ፥ በምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚያዋስኑት ሰፊ ሜዳ ነው። ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስለ ሆነች እስከ እርስዋ ድረስ የሚሄድ መኪና ብዙ አይቸገርም። ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ማሽላውና ወደ ጤፉ እርሻ ሲገባ ግን፥ በበጋ ሆርማትንና ጎሊናን የመሰሉ ወንዞች ያወረዱት አሸዋ ጎማውን ይውጠዋል፤ በክረምትም መረሬው ዐፈር ይይዘዋል። ዘርና ማዳበሪያም የሚፈለገው መንገዱ በሚበላሽበት በዚሁ ወራት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ በራያ ሰብል ላይ በወረደ ጊዜ እንደ ታየው፥ በጊዜው አለመድረስ የዓመት ልፋት ያስቀራል።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ወይም በእርሻ መኪና ላይ ከፋብሪካው ከመጣው የሚበልጥ ጎማ ለማስገጠም የሚያስብ ብዙ ነው። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ጎማ ብቻውን የሚለወጥ ዕቃ እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ጎማውን አሳድጎ የቀረውን እንደ ነበረ የተወ ሰው፥ መኪናዬን አጠነከርሁ ሲል ያደክማታል።

ለምሳሌ ላንድ ክሩዘር የተባለው መኪና ይታይ። ከፋብሪካ በብዙው የሚመጣበት 7.50–16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ 35 ኢንቹ ጎማ ግን 89 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም፥ አክስሉ በመንኰራኵሩ መካከል ስላለ ከመሬት የሚርቀው በእኩሌታው ብቻ ነው። ባሌስትራውን ከፍ ማድረግም የመኪናውን አካል እንጂ አክስሉን ከመሬት አያርቅም። ለዚህ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትርፍ የሚከፈለው ዋጋ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ቸርኬ። 12 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ጎማ ቢያንስ 8 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ሰፊው ቸርኬ ወደ ውጭ በወጣ መጠን የኩሽኔታው ሸክም ይበዛል፥ መሪውም ይከብዳል፤ ስለዚህ ኩሽኔታና ቴስቲና ቶሎ ቶሎ መመርመር አለባቸው።

ሁለተኛ፥ ቦታ። መሪ ሲዞርና መኪናው ጭኖ ሲወርድ ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ፥ ባሌስትራው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይደረጋል። ያን ጊዜ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቱቦና ሾክ አብዞርበሩ በዚያው ልክ መርዘም አለባቸው፤ አለዚያ መንኰራኵሩ ጉድጓድ ሲገባ ቱቦው ተወጥሮ ይበጠሳል፥ ፍሬንም ይጠፋል።

ሦስተኛ፥ ፍሬን። ትልቅና ከባድ መንኰራኵር ለማቆም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወስደውን ቁልቁለት ጭኖ የሚወርድ መኪና በአሮጌ የፍሬን ሸራ ሊታመን አይገባውም።

አራተኛ፥ ማርሽ። መንኰራኵሩ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ከ10 በመቶ በላይ ስለሚጨምር ሞተሩ ይታገላል፥ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል። ይህን ለማቃናት ኮሮናና ፒኞው በፊተኛውም በኋለኛውም አክስል እኩል ይለወጣል፤ አንደኛው ብቻ ቢለወጥ አራቱም መንኰራኵር ሲያዝ ማርሹ ይሰበራል። የፍጥነት መቍጠሪያውም ካልታረመ 80 ሲያሳይ መኪናው 89 ያህል ይሄዳል።

አምስተኛ፥ ስኮርታና ክሪክ። ስኮርታው ከሌሎቹ ጎማዎች ጋራ እኩል፥ ክሪኩም ከአዲሱ ቁመት የሚደርስ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ከመጠን ያለፈ መታመን ነው። በሜዳው ጠብታ ሳይወርድ በደጋው በጣለው ዝናብ ደረቁ ወንዝ በድንገት ይሞላል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ አብዛኞቹን መኪኖች ሊወስድ ይችላል፤ ትልቅ ጎማም በውስጡ ብዙ ንፋስ ስለሚይዝ መንሳፈፉን ያግዛል እንጂ አይከለክልም። ሾፌሩን ከሙላቱ ግባ ብሎ የሚያዝ ሹም የጎማውን ትልቅነት ምክንያት አያድርግ።

በሌላ በኩል ያለ ወጪ የሚገኝ ብልኀት አለ። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን እ.ኤ.አ. ከ1929 እስከ 1932 ድረስ የሊቢያን በረሃ በመኪና ሲያቋርጥ፥ ከጎማው ንፋስ በመቀነስ አሸዋውን ማለፍ ችሏል። ንፋሱ ሲቀንስ ጎማው ተዘርግቶ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፋል። ከአሸዋው ከወጡ በኋላ ግን ንፋሱን ወዲያው መመለስ ግድ ነው፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ በጠንካራ መንገድ ላይ ግሎ ይፈነዳል። ስለዚህ የንፋስ መለኪያና መንፊያ ከመኪናው አይለዩ።

እንግዲህ ለሮቢትና ለመሰሉ ቆላዎች የሚሻለው ትልቁ ጎማ ሳይሆን የሚበቃው ነው። 235/85–16 የተባለው ጎማ ቁመቱ ከፋብሪካው ጎማ ጋራ እኩል ሲሆን፥ ስፋቱ ግን ይበልጣል፤ ባለ 6 ኢንች ቸርኬም ይቀበለዋል። ይህንኑ ጥርሱ ጠለቅ ባለ የጭቃ ጎማ ዐይነት የገጠመ፥ ማርሹንም ባሌስትራውንም ሳይነካ ብዙውን ችግር ያቃልላል። ከዚህ የሚበልጥ ያስፈልገኛል የሚል ኀላፊ፥ ከላይ የተቈጠሩትን አምስቱን ሥራዎች በአንድነት የሚያሠራበትን ገንዘብ አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ ገንዘቡ ካልበቃ ጎማውን ይተው።