በቆርቆሮ ስለ ታሸገ ዓሣና ስለ ባዜቃ

በቆርቆሮ የታሸገ ቱና ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ በየሱቁ ፈላጊው ብዙ ነው። ነገር ግን ዘወትር የሚመገበው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በዓሣው ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ ነው።

ሜርኩሪ ወደ ዓሣው የሚገባው ከቆርቆሮው አይደለም። ከድንጋይ ከሰል ጢስና ከሌላም ምንጭ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲበላ መርዙ በትልቁ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ማብሰልም ኾነ ዘይቱን ማፍሰስ አያስወግደውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በመረመረው መሠረት፣ በአንድ ኪሎ ሳርዲን በአማካይ 0.013 ሚሊግራም፣ «ላይት» በሚባለው የቆርቆሮ ቱና 0.126፣ አልባኮር በሚባለው ነጭ ቱና ደግሞ 0.350 ሚሊግራም ተገኝቷል።

ጉዳቱ የሚያይለው በፅንስና በሕፃናት አእምሮ ላይ ነው። ስለዚህ ይኸው መሥሪያ ቤት ነፍሰ ጡር ሴት ነጩን ቱና በሳምንት ከ1 ጊዜ፣ ማለት ከ113 ግራም ገደማ፣ እንዳታሳልፍ ይመክራል፤ «ላይት» የተባለውን ግን 2 ወይም 3 ጊዜ ልትመገብ ትችላለች። ዓሣ ጠቃሚ ምግብ ስለ ኾነ ፈጽሞ መተው አያስፈልግም። ቸርቻሪው በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የዓሣ ዓይነት ለይቶ ለገዢው ቢያስረዳ፣ ለነፍሰ ጡርም ሳርዲኑን ቢያስቀድምላት፣ ንግዱ ሳይጎዳ የደንበኛው ጤና ይጠበቃል።