«ያዝልኝ» እስከ መቼ? ኪስ ስለተነፈገው የሴቶች ልብስ

ስለ ሴቶች እኩልነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የምክር ቤት ወንበር፣ የሹመት ደብዳቤና የፍርድ ቤት ክርክር ነው። እኔ ዛሬ ላነሣ የወደድኩት ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ያነሰ የሚመስል ነው፤ ኪስ። አዎን፣ ልብስ ላይ የሚሰፋው ኪስ። ነገሩ ቧልት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ።

በቆጠራ እንጀምር። ይህን ጽሑፍ ስጀምር የለበስኩትን ሙሉ ልብስ ፈተሽኩት። ሱሪው 4፣ ኮቱ ከውጭ 3 ከውስጥ 3፣ ሸሚዙ 1፤ በድምሩ 11 ኪስ ተሸክሜ እዞራለሁ። ግማሾቹን እጄ ለወራት አልነካቸውም። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ደግሞ ችሎት ስትቀርብ ጉርድ ቀሚስና ኮት ትለብሳለች። ጉርዱ ኪስ የለውም። ኮቱ ላይ ሁለት የኪስ ክዳኖች አሉ፤ ክዳኑ ሲነሣ ግን ከሥሩ ያለው ድፍን ጨርቅ ነው። እኛ ሕግ የተማርን ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ርዕስ ኖሮት ድንጋጌ የሌለው አንቀጽ ማለት ነው። ባልደረባዬ መዝገቧን በአንድ እጇ፣ ስልኳንና መታወቂያዋን በሌላው ይዛ ስትገባ በሩን የሚከፍትላት ሌላ ሰው መሆን አለበት።

የዚህን ውጤት በየሠርጉና በየለቅሶው እናየዋለን። ባልና ሚስት አብረው ከቤት ሲወጡ ሚስት የቤቱን ቁልፍና ስልኳን ለባሏ ትሰጥና «ያዝልኝ» ትላለች። እሱም ይይዝላታል፤ ደግ ነው። ድግሱ ቦታ ሲደርሱ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ወገን ይቀመጣሉ። ሕፃኑ አለቀሰብኝ፣ ወደ ቤት ልመለስ ብትል ቁልፉ ከወንዶቹ ጋር ነው። ልደውልለት ብትል ስልኳም እዚያው ነው። የራሷ ደመወዝ ያላት፣ ምናልባትም ሰው የምታስተዳድር ሴት የባጃጅ ሒሳብ ለመክፈል ሰው ፍለጋ ትሄዳለች።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም

በአውሮፓ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ሴቶች ኪስ ነበራቸው። ኪሱ ከቀሚሱ ጋር የተሰፋ አልነበረም፤ በጥብጣብ ወገብ ላይ ታስሮ ከቀሚሱ ሥር የሚንጠለጠል፣ በቀሚሱ ጎን በተተወ ቀዳዳ እጅ የሚገባበት ሰፊ ከረጢት ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቀጠን ያለ ቀሚስ ፋሽን ሲሆን ከረጢቱ ከሥር አልደበቅ አለ። ስለዚህ ወደ ውጭ ወጣና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቦርሳ ሆነ። በዚያው ዘመን የወንዱ ልብስ ኪስ በኪስ ላይ እየጨመረ ሄደ።

ዛሬም ቢሆን ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። ዘ ፑዲንግ የተባለ የኢንተርኔት ኅትመት በ2018 እ.ኤ.አ. የ20 ታዋቂ አምራቾችን 80 ጂንስ ሱሪዎች ለክቶ ነበር። የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ በ48 በመቶ ያጠረና በ6.5 በመቶ የጠበበ ሆኖ ተገኘ። ታዋቂ የሚባሉትን ስልኮች ሙሉ በሙሉ ሊይዝ የቻለው የሴቶች የፊት ኪስ 40 በመቶው ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፤ ይህ ጉርድ ቀሚስ አይደለም። መጀመሪያ ለሠራተኛ ተብሎ የተፈጠረው ሱሪ ነው።

መቀነትና ኪስ

የእኛ እናቶች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ መቀነት ነው። ገንዘብ በመቀነት ይቋጠራል፤ መቀነት ከሌለም የነጠላ ጫፍ አለ። ቋንቋችንም ይህንኑ መዝግቦ ይዞታል። ወንድ ሲሆን «ከኪሱ አወጣ» እንላለን፤ ሲቸግረው «ኪሱ ደረቀ» ይባላል፤ ሌባው እንኳ «ኪስ አውላቂ» ነው። ለሴት ሲሆን ግን «ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠች» ነው።

በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኪስ ውስጥ እጅ ይገባል፣ ይወጣል፤ ማንም ልብ አይለውም። መቀነት ግን ይፈታል፤ ከተፈታም በኋላ እንደገና ይታሰራል። መቀነት ለተቀመጠ ገንዘብ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ በየደቂቃው ለሚወጣና ለሚገባ ገንዘብ ግን አይመችም። የዛሬዋ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ መቀነቱም የላትም። ስለዚህ ብሩ ጡት መያዣ ውስጥ ይገባል፤ ለማውጣትም ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር ይጠይቃል። በራስ ገንዘብ መደበቅ ማለት ይኼው ነው።

ከጀጎል ምን እንማር?

እኔ በምኖርባት ሐረር ይህ ጉዳይ የሚታየው በገበያው ነው። በኤረር በርም ሆነ በሸዋ በር የገበያው ጉልበት ሴቶች ናቸው። ከአካባቢው ገጠር እንጨትና አትክልት ይዘው የሚመጡት፣ ከአወዳይ በኩል የሚመጣውን ጫት የሚቸረችሩት እነሱ ናቸው። ሁለት እጃቸው በሸክምና በሚዛን ተይዟል። ከእነዚህ ነጋዴዎች ብልሆቹ ከቀሚሳቸው በላይ ባለ ኪስ ሽርጥ ያስራሉ፤ ሌሎች የጨርቅ ከረጢት ከወገባቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። የተማረችው የቢሮ ሠራተኛ ያላገኘችውን መፍትሔ ነጋዴዋ በራሷ መርፌ አግኝታዋለች። የሚያሳዝነው ኪሱ የልብሱ አካል ሳይሆን በልብሱ ላይ የተጨመረ ትርፍ ልብስ መሆኑ ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከጠቀሱት ነገሮች አንዱ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። እዚያ ቤት የገባ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ቦታ እንደተበጀለት ያስተውላል። ወለሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች ተከፍሎ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የተበጁት ጎድጓዳ መደርደሪያዎች መጽሐፍና ዕቃ ይይዛሉ፤ ከላይ የሴቶቹ የእጅ ሥራ የሆነው ስፌት በረድፍ ይሰቀላል። በግድግዳ ውስጥ እንኳ ኪስ ማበጀት የሚያውቅ ከተማ ለእመቤቲቱ ቁልፍ ልብሷ ላይ ቦታ ማበጀት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

«ወግና ባህል ነው» የሚለው መከራከሪያም ሐረር ላይ አይሠራም። ፓሪስ ውስጥ ሴት ሱሪ ለመልበስ የፖሊስ ፈቃድ ማግኘት አለባት የሚል ደንብ በ1800 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ነበር፤ ሥራ ላይ መዋሉ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ውድቅ መሆኑ በመንግሥት የተገለጸው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። የሐረሪ ሴቶች ግን ከቀሚሳቸው ሥር ገናፊ የሚባለውን ሱሪ የሚለብሱት ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያቶቻቸው ወርሰው ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለው ጥልፍ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ለጥልፉ ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው እጅ ለኪስ የሚሆን ግማሽ ሰዓት አያጣም።

ከሕጉ ጋር ምን አገናኘው?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝ ነበር። ያ ድንጋጌ ዛሬ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል አደረገ። የሐረሪ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

ነገር ግን በንብረት ሕግ ባለሀብትነት አንድ ነገር፣ ይዞታ ሌላ ነገር ነው። ይዞታ ማለት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1140 እንደሚለው፣ አንድን ነገር በእጅ አድርጎ በእርግጥ ማዘዝ ነው። ቁጥር 1193 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ የተገኘ ሰው ባለሀብቱ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ የሠርግ ቤት አላሰበም ይሆናል። ቢሆንም «ይዞታ» እና «ያዝልኝ» ከአንድ ግስ መውጣታቸው ለማሰላሰል ይበቃል። ሕጉ ለሴቲቱ ባለሀብትነቱን ሰጥቷታል፤ ልብሷ ደግሞ ይዞታውን በየቀኑ ለሌላ ሰው እንድታስተላልፍ ያስገድዳታል።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንቱ የከበደው በስልክ ምክንያት ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ መደዋወያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። ቀድሞ «ያዝልኝ» የተባለው የዕለት ወጪ ነበር፤ አሁን «ያዝልኝ» የሚባለው ተቀማጩ ጭምር ነው። ለባሏ ያልሰጠችው ደግሞ በእጇ ይዛው ትሄዳለች፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ለነጣቂ እንዴት እንደሚመች የከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ቦርሳ አላቸው እኮ!»

ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር ሦስት መልሶች ይቀርቡልኛል። የመጀመሪያው «ሴቶች ቦርሳ አላቸው» የሚል ነው። ቦርሳ ግን ትከሻና እጅ ይይዛል፤ ተነጥቆ ይሄዳል፤ በተቀመጡበት ይረሳል፤ ለብቻው ዋጋ ይከፈልበታል። ወንድ ከልብሱ ጋር በነፃ የሚያገኘውን ሴት በተጨማሪ ሒሳብ ትገዛለች። ቦርሳ የወደደች ትያዝ፤ ምርጫ የሚባለው ግን ኪስም ሲኖር ነው።

ሁለተኛው «ኪስ ቅርጽ ያበላሻል» የሚል ነው። ስስ ጨርቅ ላይ ከባድ ስልክ ሲገባ ልብሱ እንደሚጎተት እውነት ነው። ይህ ግን በስፌት የሚፈታ ነው፤ እንዴት እንደሚፈታም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ሦስተኛው «ሴቶቹ ራሳቸው አይጠይቁም» የሚል ነው። ከቻይና ወይም ከቱርክ ተዘጋጅቶ የመጣ ልብስ፣ ወይም ሳልቫጅ የምትገዛ ሴት የምትጠይቀው ማንን ነው? ባለሱቁ ያለውን ይሸጣል፤ እሷም ካለው ትመርጣለች። ጥያቄው ሰፊው ጆሮ የሚደርሰው ሰፊው ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ሰፊው በደጃችን ነው

ሐረር ዕድለኛ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎች በረድፍ ተቀምጠው ይሠራሉ። መንገዱ መኪና ግርግር የተባለው በልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጨርቁን ከጎን ካሉት ሱቆች ገዝታ፣ ተለክታ፣ እንዲህ አድርግልኝ ብላ ማሰፋት የምትችል ሴት ፋብሪካ የወሰነላትን ልብስ የመቀበል ግዴታ የለባትም።

አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት፤ ኪስ የሚጠየቀው ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ነው። የጎን ስፌቱ ከመዘጋቱ በፊት የሚገባ ኪስ በየጎኑ ሁለት ቁራጭ ጨርቅና ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ልብሱ ካለቀ በኋላ ግን ስፌት መፍታት ይመጣል፤ ሰፊው ቢቆጣ አይፈረድበትም። የኪሱ ከረጢት ከጠንካራ ጥጥ ይሁን፤ ስልክ እንዲውጥ ጥልቀቱ ከአንድ ስንዝር አይነስ፤ የላይኛው ጫፍ ከወገቡ ማሰሪያ ጋር ይያያዝ። ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው ወገብ እንጂ ቀሚሱ አይሆንም። እንደ ሸማ ላለው ስስ ልብስ ደግሞ ከረጢቱን በጥብጣብ ወገብ ላይ አስሮ በቀሚሱ ጎን ቀዳዳ መተው ይቻላል። የ18ኛው መቶ ዘመን ሴቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለእኛም የመቀነት ዘመድ እንጂ ባዕድ አይደለም።

ድርጅቶችም ድርሻ አላቸው። ባንኩ፣ ሆቴሉና መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ የደንብ ልብስ ሲያሰፋ በግዢ ዝርዝሩ ላይ ለወንዱ ሱሪ የሚጽፈውን ኪስ ለሴቷ ጉርድም ይጻፍላት። አንድ መስመር ነው። የሐረሪ ሴቶች አፎቻ በሠርግና በለቅሶ ሰው የሚያስተባብር አንጋፋ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ለመጪው ሠርግ ልብስ ሲያሰፉ «ኪስ ይኑረው» ብለው ቢስማሙ መኪና ግርግር በአንድ ወቅት ውስጥ ልማዱን ይለውጣል ብዬ አምናለሁ።

ባሎችም ብንሆን በዚህ አንጎዳም። እስከዛሬ የሁለት ሰው ቁልፍና ስልክ ተሸክመን ኪሳችን ወጥሮ ስንዞር ኖረናል። ሴት ልጁን ልብስ ለማሰፋት የሚወስድ አባትም ገና ጨርቁ ሲለካ ኪሱን ይጠይቅላት፤ የራሷን ቁልፍ በራሷ ኪስ ይዛ ያደገች ልጅ ነገ «ያዝልኝ» የምትለው ሲቸግራት ሳይሆን ስትወድ ብቻ ይሆናል።