የአከርካሪ ቦይ መጥበብና የነርቭ መጨመቅ

በመንዝ፥ በሞላሌ ደጋ በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ኪዳን ለማድረስ ማልደው ሲወጡ፥ ጥቂት እንደ ሄዱ ባታቸው እየከበደና እየደነዘዘ የሚያስቆማቸው፥ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ወይም በመቋሚያቸው ወደ ፊት ሲደገፉ ግን ሕመሙ የሚለቃቸው፥ ከቁልቁለቱም ይልቅ ዳገቱ የሚቀላቸው እንደ ሆነ፥ ነገሩን ብርድ ነው፥ እርጅና ነው ብሎ መተው አይገባም፤ የአከርካሪ ቦይ በወገብ ላይ መጥበቡን ከሚያመለክቱት ዋነኛ ምልክቶች አንዱ ይኸው ነውና።

ሰው ሲወለድ አከርካሪው 33 አጥንቶች ሲኖሩት፥ 7ቱ በአንገት፥ 12ቱ በጀርባ፥ 5ቱ በወገብ ተደርድረዋል፤ የቀሩት ከዕድሜ ጋራ ይጋጠማሉ። በውስጣቸው ባለው ቦይ ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሠረሠር ያልፋል፤ ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ለአካላት ኃይልንና ስሜትን ያድላሉ። ዘመን ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ውሃው እየጐደለ ይሳሳል፥ መጋጠሚያዎቹ ይደነድናሉ፥ ከኋላ የሚያያይዛቸውም ጅማት ይወፍራል፤ በዚህም ቦዩ ጠብቦ ነርቩ ይጨመቃል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ ጅማት ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ጥበቱ ይብሳል፤ ሲያጐነብስ ግን ስለሚወጠር ቦዩ በመጠኑ ይሰፋል፤ መቋሚያው ዕረፍት የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። ይህን ደዌ ሄንክ ፈርቢስት የተባለ የሆላንድ ሐኪም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በሰፊው ገልጾታል።

ጥበቱ በአንገት ላይ ሲሆን ሕብለ ሠረሠሩን ራሱን ስለሚጫን የባሰ ነው። የበግ ጠጕር ስትፈትል የኖረች የመንዝ እናት እንዝርቱ ከጣቷ እየሾለከ ቢያስቸግራት፥ እርምጃዋም ቢወላገድ፥ ሳይውል ሳያድር ልትመረመር ይገባታል። ትኩሳት፥ የሌሊት ላብና ክሳት ከጀርባ ሕመም ጋራ ሲታዩ ደግሞ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ስለሚችል፥ ወጌሻ አከርካሪን እንዲጐትት ወይም እንዲጫን መፍቀድ ታላቅ አደጋ አለው።

አብዛኛው ሕመምተኛ በሐኪም በታዘዘ እንቅስቃሴና ማስታገሻ ይረዳል፤ ይህ ሳይበቃው የቀረው ቦዩ በቀዶ ሕክምና ይሰፋለታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞችን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ በአገር ውስጥ ያሠለጥናል። ነገር ግን ሽንት ከታገደ፥ በጭኖች መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፥ ነርቩ ተመልሶ እንዳይድን ሆኖ ሳይጐዳ፥ ቤተ ዘመድ ሕመምተኛውን በዚያው ዕለት ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ያድርስ።