ግድግዳው ሳይደርቅ ቀለም አይገዛ

አዲስ ቤት ሠርቶ የጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ቀለም ነው። ቆርቆሮው ተመትቷል፣ በርና መስኮቱ ገብቷል፣ ጎረቤትም መጥቶ መርቋል፤ ታዲያ ግራጫ ግድግዳ እያየ መቀመጥ ማን ይችላል? በአሶሳ ዞን ባለችው ሆሞሻ ግን ጊዜውን የሚወስኑት ዝናቡ፣ ግድግዳው የተሠራበት ነገርና ምስጡ ናቸው።

በአሶሳ ዙሪያ ዝናቡ አንድ ረጅም ወቅት ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ ግድም ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በእነዚህ ወራት የተለሰነ ግድግዳ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ነው። ለማስዋብ የሚመቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው።

ቤቱ በብሎኬት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ሲያገኝ ነውና ልስኑ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ቶሎ ስለሚነጥቁት ይህን የዘለለ ሰው ስንጥቅ በስንጥቅ የሆነ ግድግዳ ያገኛል። ከተለሰነበት ቀን ጀምሮ 28 ቀን ያህል ሳይሞላው ስቱኮም ቀለምም አይነካው። ትኩስ ሲሚንቶ የሚያቃጥል ባሕርይ አለው፤ በተለይ የዘይት ቀለምን በልቶ ያበላሸዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት ከወጣ ገና ውሃ እየወጣ ነው ማለት ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት። ካልጠፋም ጠብቁ።

ለማረጋገጥ የባለሙያ መሣሪያ አያስፈልግም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጋችሁ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አሽጉትና በማግስቱ ግለጡት። ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ወይም ሥሩ ያለው ግድግዳ ከጠቆረ ቀለም ቀቢውን አትጥሩ።

የአገሩ ቤት ግን ብዙው በሽመልና በጭቃ የሚሠራ ነውና እሱ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ጭቃ ውሃውን ሲያጣ ይሸበሸባል። ስንጥቁ ወጥቶ እስኪያልቅ ይተውና ሁለተኛው፣ ጭድ ወይም የተቆራረጠ ሣር በደንብ የተቦካበት ቀጭን ልስን ይደረግበታል። እሱም እስኪደርቅ ይጠበቃል። የውጩን ግድግዳ በተመለከተ የእኔ ምክር አንድ ክረምት ይለፈው ነው። ዝናቡ የቱን ጥግ እንደሚያጥብ፣ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ የሚታወቀው ያኔ ነው። የጭቃ ቤትን የዘይት ቀለም መቀባት ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው፤ ቀለሙ እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዝና ከነልስኑ ተገንጥሎ ይወድቃል። ኖራ ወይም ቀለም ያለው አፈር ይሻለዋል።

ሽመሉን ራሱን እንደ ጌጥ ለመተው፣ ለኮርኒስ ወይም ለመደርደሪያ ለማዋል የምታስቡ ካላችሁ አቆራረጡን ጠይቁ። በበጋ የተቆረጠ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ሽመል ይመረጣል። ለጋው ስኳር ስላለው ነቀዝ ይወደዋል፤ ከሥሩ ደቃቅ ቢጫ ዱቄት ካያችሁ ገብቶበታል። እርጥብ ሽመል ላይ ቫርኒሽ ቢቀባ ይላጣል፣ ሽመሉም ይሰነጠቃል።

ምስጥ ለብቻው የሚነገር ነው። ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የሚወጣ የአፈር መንገድ ካለ ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት መገኘት አለበት። ኮርኒስ ከተዘጋ በኋላ ምስጡ መግባቱ የሚታወቀው ጣሪያው ሲዘም ነው። ቁም ሣጥኑንም ከግድግዳው ትንሽ አርቁት፤ ከኋላው ማየት ይቻላል፣ አየርም ያልፋል።

ሁሉም ነገር ይቆይ ማለት ግን አይደለም። የብረት በርና መስኮት ወዲያው አንቲረስት ይቀባ። የመብራት ቱቦ ከልስን በፊት ይቀበር፤ የተለሰነውን መልሶ መፈልፈል የሁለት ሰው ዋጋ ያስከፍላል። አሸንዳና በቤቱ ዙሪያ ያለው የውሃ መውረጃ ቦይ ከሁሉ ይቅደም።

ሰዉን የሚያጣድፈው ብዙ ጊዜ ዒድ ወይም ሠርግ ነው። ዒድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም አንዳንድ ጊዜ በጋ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ ክረምት መሀል ይውላል። ክረምት ላይ ከዋለ ለጊዜው ስስ ኖራ መቀባትና ምንጣፍ ማንጠፍ ይበቃል፤ እንግዳ የሚመጣው ቡና ሊጠጣ እንጂ ስቱኮ ሊመረምር አይደለም። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ዘንድሮ አሸንዳውን ግዙ፣ ቀለሙን ለኅዳር አቆዩት።